የሁላችን የነበረው አካውንት

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ደሴ ውስጥ የመረጃ ሳይንስ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዕድሜዬ ግን ለክፍል ጓደኞቼ አባቶች ይቀርባል። መምህራችን ከትምህርት በፊት ሥራ የሠራችሁ የሥራ ዘመናችሁን ትዝታ ጻፉ ሲሉ አብራኝ እጇን ያወጣችው አንዲት ነርስ ብቻ ነበረች። እሷ ስለ አዋለደቻቸው እናቶች ትጽፋለች። እኔ ጅዳ ውስጥ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ የሰው ስልክ ሳስተካክል ነው የኖርኩት። ከዚህ ምን ይወጣል ብዬ ወረቀቱን ሁለቴ መለስኩት። መምህሬ ግን «አንተ ስለምታውቀው ጻፍ» ስላሉኝ እሞክራለሁ። ከርዕስ የወጣሁ ከመሰላቸው ይቅርታቸውን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያው ኮርሳችን ዓለም ሁሉ የሚፈልግበት ያ ትልቅ የፍለጋ ኩባንያ አንድ ምዕራፍ ተሰጥቶታል። ሁለት ተማሪዎች እንደጀመሩት፣ ከዚያ ኢሜይል፣ ካርታ፣ ቪዲዮ፣ ትርጉም፣ የስልክ ሲስተም እያለ እንደሰፋ ተምረናል። ምዕራፉን ሳነብ ፈገግ እያልኩ ነበር፤ እያንዳንዱ ነገር እኛ ባንኮኒ ላይ የደረሰው በሰው መልክ ነውና። ኢሜይል የመጣው «ይሄ ስልክ ካለ ኢሜይል አልከፍትም አለኝ» ብላ በተናደደች የቤት ሠራተኛ ነው። ካርታ የመጣው የጅዳን መንገድ በማያውቅ አዲስ ሾፌር ነው። ትርጉም የመጣው ማዳሟ፣ አሠሪዋ፣ የላከችላትን መልእክት ማንበብ ባቃታት ልጅ ነው።

ጅዳ ስገባ ሥራዬ ሲሚንቶ መሸከም ነበር። ጉለይል በሚባል ሰፈር ከወሎ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። ወገቤ እምቢ ሲለኝ አንድ የሰፈራችን ሰው አል-ባላድ በሚባለው አሮጌ ከተማ ወዳለ ስልክ ቤት ወሰደኝ። የሱቁ ባለቤት አቡ ራኢድ ይባላል፤ ጎርናና ድምፅ ያለው፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ የጅዳ ሰው። ከደንበኞቹ ጥቂት አማርኛ ለቅሟል። ከሁሉ የሚወደው ቃል «አይዞሽ» ነው፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ለደረሰ ግንበኛም ያው «አይዞሽ» ነበር። ከፈለኝ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ አስተካከለልኝ፣ በደመወዝም አልበደለኝም። ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል።

አቡ ራኢድ አንድ ሕግ ነበረው። አዲስ ስልክ አካውንት ካልገባበት መተግበሪያ አያወርድም። አዲስ አካውንት ለመክፈት ደግሞ ኮድ የሚመጣበት ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ የማይረሳ የይለፍ ቃል ይፈልጋል። ደንበኞቻችን ብዙዎቹ ሲማቸው በሌላ ሰው ስም ነው። የተወለዱበትን ቀን የሚያውቁት በክረምትና በበልግ ነው። የይለፍ ቃል ሲባሉ «አንተ ያዝልኝ» ይላሉ። አንዱን ሰው ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፣ ከኋላው ሰልፍ ይቆማል። ስለዚህ አቡ ራኢድ አንድ የሱቅ አካውንት ከፈተ፤ የምንሸጠውን ስልክ ሁሉ በእሷ እናስገባ ነበር። «አንድ ቁልፍ፣ ሁሉ በር! ያላ፣ ቀጣይ!» ይላል። እኔም ብልሃት መስሎኝ ተደነቅሁ።

አንድ ረመዳን መካ ላይ ሰው ስለሚበዛ አቡ ራኢድ ዑተይቢያ በሚባል የመካ ሰፈር ስልክ ቤት ላላቸው ወዳጁ አዋሰኝ። እኚህ ሰው ሐጂ ኑሩ ናቸው። አያታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው ቀሩ፤ እሳቸው መካ ተወልደው መካ ያረጁ ናቸው። አማርኛቸው የአያታቸው አማርኛ ነው፣ ልጆቻቸው ግን በዓረብኛ ነው የሚመልሱላቸው። ሱቃቸው በልብስ ሰፊና በፀጉር ቆራጭ መካከል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያቆም ነበረች። ሥራ የምለውን ነገር ያወቅሁት እዚያች ውስጥ ነው።

ሐጂ ኑሩ የደንበኛ ስልክ ሲቀበሉ በመጀመሪያ በጨርቅ ይጠርጉታል። ከዚያ ይጠይቃሉ። ሳይጠይቁ አንድ ፊደል አይጽፉም። አንድ ቀን አንድ ልጅ መጥቶ «ሐጂ፣ የወገብ መድኃኒት ፈልጉልኝ» አላቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?»

«ከሻዕባን፣ ካለፈው ወር።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ብሎኬት።»

«እግርህ ድረስ ይወርዳል?»

«እንዴት አወቁ አንቱ!»

«እኔ አላወቅሁም፣ አንተ ነህ የነገርከኝ። በል እንግዲህ መድኃኒት አንፈልግም፤ ሐኪም ነው የምንፈልግ» ብለው ካርታውን ከፍተው አቅራቢያ ያለውን ክሊኒክ አሳዩት። ልጁ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ሰው የሚጠይቅህና የሚፈልገው አንድ አይደለም። ያ የፍለጋ ሳጥን የጻፍክለትን ነው የሚያመጣልህ፤ የምትጽፈውን ማወቅ ያንተ ፈንታ ነው» አሉኝ።

ፍለጋ ላይ ጥያቄውን ሳይሆን መልሱ ያለበት ገጽ የሚይዛቸውን ቃላት እንድጽፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ፓምፔ ለምን ቆመ» ብሎ መጻፍ የትም አያደርስም፤ ፓምፑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር መጻፍ ያደርሳል። ትርጉም ላይ ደግሞ አማርኛውን ወደ ዓረብኛ ካዞሩ በኋላ ዓረብኛውን መልሰው ወደ አማርኛ ያዞሩታል። የተመለሰው ከተላከው ጋር ካልገጠመ ዓረፍተ ነገሩን ይቆርጡታል። «አጭር ዓረፍተ ነገር መንገድ አይስትም» ይላሉ። ይህን ጽሑፍ ስጽፍም ምክራቸውን ለመከተል ሞክሬአለሁ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የይለፍ ቃል ላይ ያላቸው ጠባይ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ሰልፉ በር ድረስ ቢደርስም፣ የራሱን አካውንት ይከፍቱለታል። «ማንም የማያውቀው፣ አንተ ግን የማትረሳው ነገር ምንድን ነው? ለእኔ እንዳትነግረኝ» ይሉታል። ሰውየው ሲጽፍ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ከዚያ ያስወጡትና እንደገና እንዲገባ ያደርጉታል፤ ሦስቴም አራቴም፣ እጁ እስኪለምደው። አንዴ የጅዳ ሕጋችንን ነገርኳቸው። «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ይሄ ብዙ ሰው ሰብስቦ አንድ ኪስ ማልበስ ነው። የሰው ስልክ አማና ነው፣ አደራ» አሉ።

ጅዳ ስመለስ ለአቡ ራኢድ ይህንኑ ነገርኩት። «ሐጂ ኑሩ ሱቁ የራሱ ነው፣ ጊዜ አለው። እኔ ኪራይ አለብኝ። ኸላስ፣ በቃ» አለኝ።

መጀመሪያ ነገሩ የሚያስቅ ነበር። አካውንቱ አንድ ስለሆነ አንዱ የመዘገበው ስም በሁሉም ስልክ ላይ ብቅ ይላል። የአንዱ ስልክ ስም ዝርዝር ተከፍቶ ቢታይ «ማዳም» በ«ማዳም» ላይ፣ «እናቴ» በ«እናቴ» ላይ ተደርድሯል። አንድ የከሚሴ ልጅ «እናቴ» የሚለውን ሲጫን የማያውቃት ሴት አነሳች። «ለምን ጠፋህ?» ብላ ወቀሰችው፣ አለቀሰች፣ መረቀችው። «ታዲያ ምን አልካት?» ስንለው «ምርቃት አይመለስም ብዬ አሜን አልኩና ዘጋሁ» አለን። ሱቁ በሳቅ ሞላ። አቡ ራኢድ እንኳ ሲተረጎምለት ሳቀ።

ያልሳቀው ጀማል ነው። ጀማል ጉለይል የእኔው ክፍል የሚኖር ግንበኛ ነው፤ ሥርዓት ይወዳል፣ ፍራሹን እንኳ በገመድ ለክቶ ነው የሚያነጥፈው። አንድ ጁምዓ ከሰላት ስንመለስ ደስ ብሎት አገኘሁት።

«አጸዳሁት» አለኝ።

«ምኑን?»

«ስልኬን ነዋ! የማላውቀውን ሰው ሁሉ አጠፋሁት። እኔ ግንበኛ ነኝ፣ ያን ሁሉ ማዳም ምን ላድርግበት? ቆሻሻ መጣያ የሚለውም ውስጥ ገብቼ እሱንም ባዶ አደረግሁት። አሁን ስልክ ሆነ፣ ወላሂ!»

እኔም «ደግ አደረግህ» አልኩት። ከእሱ ስልክ የጠፋ ከሁሉም እንደሚጠፋ በዚያች ሰዓት አልመጣልኝም።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ከሰዓት፣ ከዓስር ሰላት ቀጥሎ ሰይድ መጣ። ሰይድ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ብዙ የማይናገር፣ ሲገባም ሲወጣም «አሰላሙ ዓለይኩም» ብቻ የሚል ልጅ። ስልኩ ሲሚንቶ ማቡኪያ ውስጥ ወድቆበት አዲስ ሊገዛ ነው። ሌላ ጊዜ የማይስቀው ሰይድ ያን ቀን ይስቅ ነበር።

«ቶሎ በልልኝ ሁሴኖ» አለኝ። «እናቴ ከወሎ ከዑምራ ተጓዦች ጋር ተነሥታለች። ይሄኔ መካ ገብታለች። ሆቴል ስደርስ በኢንተርኔት እደውልልሃለሁ ብላኝ ነበር፣ ስልኬ ደግሞ እንዲህ ሆነ።»

«ከተያያችሁ ስንት ዘመን ሆናችሁ?»

«ጢም ሳላበቅል ነው የወጣሁት። አሁን ስታየኝ ላታውቀኝ ትችላለች» አለና ጢሙን ዳሰሰ።

«አብሽር። አካውንቱን ሳስገባው ስሞችህ ሁሉ ይመለሳሉ» አልኩት። አዲሱን ስልክ ከፈትኩ፣ የሱቁን አካውንት አስገባሁ፣ ስም ዝርዝሩን ነካሁ። የጀማል ፎርማን፣ የጀማል ወንድም፣ የጀማል እንጀራ ቤት። ሌላ ሰው የለም። ዘጋሁና እንደገና ከፈትኩ። ያው ነው። ወደ ቆሻሻ መጣያው ገባሁ፤ ባዶ ነው። የጀማል ደስታ ያኔ ትዝ አለኝ።

ሰይድ ፊቴን እያየ ነበር። «ምነው?»

የሆነውን ነገርኩት። አልጮኸም። «ቁጥሯን በቃሌ አላውቀውም። የሰፈራችን ሰው ቁጥርም እዚያው ነበር» አለ። ቀጥሎ «ከጁምዓ በኋላ መዲና ነው የሚወስዷቸው፣ ከዚያ ወደ አገር» አለና ወንበር ላይ ተቀመጠ።

የቀረውን ቀን ሁሉ ስሞቹን ለመመለስ ታገልኩ። ኩባንያው ለተጠቃሚ ያስቀመጠውን መመሪያ በአማርኛም በዓረብኛም አነበብኩ። ለውጥን መቀልበሻ አለ፤ ከቆሻሻ መጣያ የተደፋ ግን አይመለስም ይላል። በዚያ ሱቅ ውስጥ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የከፋው ውድቀት ይህ ነው፤ ያን ጊዜም ኋላም አልቀናኝም። የብዙ ሰው ስም ጠፋ፤ ጠፍቶም ቀረ።

ሐጂ ኑሩ ዘንድ ድምፁን ከፍቼ ደወልኩ። ሰምተው እንደ ልማዳቸው ጥያቄ ጀመሩ።

«የእናትየው ስልክ ከየት የተገዛ ነው?»

ሰይድ ከጎኔ ሆኖ «ከዚሁ! እኔው ገዝቼ በሰው ላክሁላት» አለ።

«ማን ከፈተው?»

«እኔ» አልኩ።

«በየትኛው አካውንት?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ስልኳም በሱቁ አካውንት ነው የገባው። ኩባንያው ደግሞ የጠፋ ስልክ በካርታ ላይ ማፈላለጊያ አለው። ኮምፒውተሩን ልከፍት ስል ሐጂ ኑሩ «ቆይ» አሉኝ። «እዚያ ላይ የብዙ ሰው መዋያ ነው የምታየው። ከእናትየው ስልክ በቀር ዓይንህን አታሳርፍ። ልጁም ይፍቀድ።»

«ፈቅጃለሁ» አለ ሰይድ።

ሌሎቹን ደንበኞች ከስክሪኑ አርቄ ከፈትኩት። ካርታው ላይ ነጥቦች ፈሰሱ፤ ጅዳ፣ ጣኢፍ፣ ጂዛን፣ ባሕሩን ተሻግሮም ወሎ። እያንዳንዱ ነጥብ ስልኩን ለእኛ ያመነ ሰው ነው። አቡ ራኢድ ከትከሻዬ በላይ አይቶ «ያ ሳቲር» ብሎ ገመና ሸፋኙን አምላክ ጠራና ዓይኑን መለሰ። መካ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ነበረች፤ የስልኩም ዓይነት ሰይድ የገዛው ነው። ዑተይቢያ ውስጥ ናት።

«ሐጂ፣ እርስዎ ሰፈር ናት!»

«ነጥብ ሰፈር ያሳይሃል እንጂ ደረጃ አይወጣልህም። መንገዱን ንገረኝ፣ እኔ እሄዳለሁ» አሉ። ሴቶች ያሉበት ስለሆነ ባለቤታቸውን ይዘው ወጡ። እኛ ስልኩን ክፍት አድርገን የእርምጃቸውን ድምፅ እንሰማለን። የዑምራ ሰዎች የሚያርፉባቸው ሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች ጎን ለጎን ቆመው ነጥቧ መሐላቸው ላይ ናት። የመጀመሪያው ሕንፃ ጠባቂ የሐበሻ ሰው የለም አላቸው። በሁለተኛው የወሎ ሴቶች ሦስተኛ ፎቅ ናቸው ተባሉ።

«በል አሁን አስጩኸው» አሉኝ።

ካርታው ስልክን ከሩቅ የማስጮህ ቁልፍ አለው። ድምፁ ቢቀነስም ይጮሃል። ተጫንኩት። ትንሽ ቆይቶ በሐጂ ኑሩ ስልክ በኩል ከሩቅ የሚጮህ ነገር ተሰማ፤ ከዚያ የሴቶች ጫጫታ፤ ከዚያ የሐጂ ኑሩ ባለቤት በር ሲያንኳኩ።

«የማን ስልክ ነው የሚጮኸው?»

«የኔ ነው እቴ!» አለች አንዲት ሴት። «ወላሂ አልነካሁትም! ደዋይ የለው፣ ዝም አይል! ውሰዱልኝ!»

ሰይድ ከወንበሩ ተነሣ። «እሷ ናት» አለ በሹክሹክታ።

«ልጅሽ ሰይድ እየፈለገሽ ነው» አሏት።

«ልጄማ እኔን አይፈልግ» አለች። «እዚህ ገብተን ልጆቹ ኢንተርኔቱን ሲከፍቱልኝ ፎቶው ዓይኔ እያየ ጠፋ። ፊደል አላውቅ፣ እሱን ነበር የምጫን። ደጁ ድረስ ብመጣበት ፎቶውን አነሣብኝ አልኩ። ምን ሠርቶ እንደሆነ፣ ምን አፍሮ እንደሆነ አላህ ይወቅ። ለሰው ብናገር ልጇ ካዳት ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ። ዱዓ ብቻ ሳደርግለት ነበር።»

ሰይድ ስልኩን ከእጄ ነጠቀው። «እማ! እማ፣ እኔ አላነሣሁም! ጀማል ነው!»

«ጀማል ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አለች።

እሱ ሲያለቅስ፣ እሷ ሌላኛው ጫፍ ላይ ስትስቅና ስታለቅስ፣ አቡ ራኢድ ነገሩ ሳይተረጎምለት ገብቶት ሰይድን ትከሻውን መታ መታ አደረገውና «አይዞሽ» አለው።

በማግሥቱ ሰይድ፣ ጀማልና እኔ ወደ መካ ሄድን። ጀማል መንገዱን ሙሉ «ምን ብዬ ነው የማያት?» እያለ ነበር። ሐጂ ኑሩ ሱቅ ስንደርስ እናትየው በሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። ሰይድን በጢሙ ይዛ ፊቱን ወዲያና ወዲህ አገላበጠችው። «የፎቶው ልጅ አይደለም። ይሄ ሽበት አለው» አለችና አቀፈችው። ጀማልን ስታይ «አንተ ነህ ልጄን ከስልክ የምትጠርግ?» አለችው፤ እሱ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል እጁን ይዛ አስቀረችው። «ባታጠፋው ኖሮ ልጄ አላነሣሁም ብሎ ሲያለቅስልኝ መቼ እሰማ ነበር» አለች። ሐጂ ኑሩ ለእሷ የራሷን አካውንት ከፈቱላት። ፊደል ስለማታውቅ የይለፍ ቃሏን በቁጥር እንድታደርገው ነገሯትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፣ እኛንም አዞሩን። መጀመሪያ የተመዘገበው የሰይድ አዲስ ፎቶ ነው።

አቡ ራኢድ ከዚያ በኋላ ሰው ሆነ ብል ይቀየመኛል፤ ድሮም ሰው ነበር። ግን ነጥቦቹን ካየ በኋላ ሕጉን ራሱ ሻረ። «እያንዳንዱ የራሱ ቁልፍ። ሰልፍ ቢረዝም ይርዘም» አለ። ደንበኞቻችንን አንድ በአንድ እየጠራን፣ ፎቶአቸውን እየለየን፣ የየራሳቸውን አካውንት ከፈትን። ጀማል ከሥራ ሲመለስ እየመጣ ሰልፉን ያስተካክል ነበር፤ ለእሱ የሚገባ ሥራ ነው። ከካርታው ላይ አንድ ሰው በወጣ ቁጥር አንድ ነጥብ ይጠፋል።

መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብ ጣኢፍ ላይ ቀረች። የማን እንደሆነች አናውቅም። አቡ ራኢድ አካውንቱን እንዝጋውና እንገላገል አለ። ሐጂ ኑሩን ጠየቅኳቸው፤ «ብትዘጋው የዚያ ሰው ፎቶ አብሮ ይሄዳል። ጠብቅ» አሉኝ። ስልኩን ላስጮኸው ብል ደግሞ ሠራተኛ ከሆነች ቤቷ ውስጥ ጣጣ ላመጣባት እችላለሁ። ስለዚህ ጠበቅን። በረመዳን ጠበቅን። ለዒድ አንዲት ለምለም የምትባል ልጅ ከአሠሪዎቿ ጋር ከጣኢፍ ጅዳ መጥታ፣ ፈቃድ አግኝታ፣ ስክሪኗ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ ሱቃችን ገባች። «ከጣኢፍ ነው የመጣሁት፣ ስክሪን ትቀይራላችሁ?» አለችን። እኔና አቡ ራኢድ ተያየን። ወንበር ሰጠናት፣ ሻይ አስመጣንላት፤ ልጅቷ ይህ ሁሉ ክብር ለአንድ ስክሪን ነው ወይ ብላ ግራ ገባት። ፎቶዎቿን ወደ ራሷ አካውንት አሻገርኩላት። የይለፍ ቃሏን ስትጽፍ እኔም አቡ ራኢድም ግድግዳውን እያየን ቆምን።

እሷ ስትወጣ ካርታውን ከፈትኩ። ባዶ ነው፤ ከተሞቹና መንገዶቹ ብቻ አሉ። ትምህርት ቤት ልግባ የሚል ሐሳብ የመጣልኝ እሱን እያየሁ ነው። አቡ ራኢድ «አንተ ዝጋው» አለኝ፤ እኔም ዘጋሁት። ቀኑ የዒድ ሦስተኛው ቀን፣ የሸዋል ወር ሦስት ነበር።